በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የማን ስም ይጻፍ

ሰላማዊት የጥሪ ወረቀቱን ይዛ ቤቴ የመጣችው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሰላማዊት የመምህራን ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት፤ ጡረታ ስወጣ ወንበሬን የተረከበችኝ፣ ከጎጃም መጥታ ደብረ ብርሃን የቀረች፣ ብርዳችንን ግን እስከ ዛሬ ያልለመደች ልጅ። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ እጆቿን እያሻሸች ገብታ ተቀመጠች። «እትዬ አስካለ፣ አዲሱ የንባብ ክፍል አለቀ። ሲመረቅ እርስዎ ካልተናገሩ ማን ይናገራል?» አለችኝ። ቤተ መጻሕፍት የተማሪን ጥናትና የአእምሮ ጤና እንዴት እንደሚደግፍ ከልምዴ ሃያ ደቂቃ ያህል ብናገር እንደሚበቃ አስረዳችኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ተቀበልኳት። መነጽሬን ፈልጌ ሳነበው ክፍሉ በማን ስም እንደሚሰየም አየሁ። በፈለቀ ስም ነው።

ወረቀቱ «ክቡር አቶ ፈለቀ፣ የተማሪዎች አባት» ይለዋል። እኔ ፈለቀ ነው የምለው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በአገራችን ደግሞ ታላቅ አንቱ ይባላል፤ እኔም ለሰፈራችን ዘበኛ ሳይቀር አንቱ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ለእሱ ግን ብዕር ይዤ እንኳ እጄ አይታዘዝልኝም። አንባቢ በዚህ ቢቀየመኝ ይቀየመኝ፤ ነገሩን ሰምቶ ይፍረድ።

ሰላማዊት ምንም አታውቅም። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ «ምነው፣ አመመዎት?» አለች። «ደህና ነኝ። እመጣለሁ፤ እናገራለሁም» አልኳት።

ከምረቃው በፊት ክፍሉን ልየው ብዬ ሄድኩ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የጣለበት ቀን ነበር። ክፍሉ ያምራል። በየጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬት አለው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ በአንድ ጥግ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን የምትቀመጥባት ቦታ አለች። ሰላማዊት በሹክሹክታ አንዲት ተማሪ አሳየችኝ። ወላጆቿ ከምዕራብ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ በሸራ ቤት ሰባት ሆኖ ማጥናት ስለማይቻል፣ ልጅቷ ጠዋት በር ሲከፈት ገብታ ሲዘጋ ነው የምትወጣው። ዝናብ የመታው ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አቀርቅራ ትጽፋለች። በአጠገቧ ሳልፍ የእርጥብ ሱፍ ጠረን አፍንጫዬን መታኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ተማሪ ሳለሁ የእኛ ቤተ መጻሕፍት የሚሸተው እንዲህ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ማሞቂያ የሚባል ነገር የሌለው አንድ ረጅም ክፍል ሲሆን፣ መቶ ተማሪ መቶ እርጥብ ጋቢና ብርድ ልብስ ለብሶ ሲሞላው ቤቱ የበግ በረት ይመስላል። ከአንኮበር የመጣሁት ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። ከከተማችን ከጎረቤላ ተነስተን ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ዛሬ ሚኒባሱ አንድ ወሬ ሳያልቅ ያደርሳል። እናቴ ያሰፋችልኝን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ፣ ሰማያዊ ሸራ ጫማ ተጫምቼ ስወርድ ነፋሱ ቀሚሴን እንደ ባንዲራ ነበር ያውለበለበው። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ አስር ሳንቲም ነበር። ወንዶቹ አፍሮ ጸጉራቸውን በሹካ ማበጠሪያ ከፍ አድርገው፣ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው ወደ ጠባሴ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ይንሸራሸራሉ። በዚያ መንገድ ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን በረንዳው ላይ አውጥቶ ይከፍትና፣ ዘፈን ሲመጣ የእግር መርገጫውን በምቱ ልክ ይረግጣል። ሀዘንተኛ ዘፈን የመጣ ቀን የሚሰፋው ቀሚስ አያልቅም እያልን እንስቅበት ነበር። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። ማንም በምት አይሠራም።

ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት እትዬ ጽጌ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ጥቁር ሹራብ ከነጠላ ጋር የሚለብሱ፣ የቤቱን ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚዞሩ ሴት። የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ግን የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን የትኛው ተማሪ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ ገጽ ከፍቶ ለሰዓት ያህል የማይገልጥ ተማሪ ካዩ ምንም አይጠይቁትም። ከመዝገባቸው ጀርባ፣ የከሰዓት ፀሐይ በምታርፍበት መስኮት ሥር አግዳሚ ወንበር ነበራቸው፤ «ና፣ እዚህ ይሞቃል» ይሉታል። ከእነዋሪ የመጣ ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ፣ ማስተማር ልምምድ እስኪጀምር ድረስ እዚያ ተቀምጦ ለእሳቸው ብቻ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ከአረርቲ የመጣች ባሏን ጥላ የወጣች ሴት፣ ፈተና በመጣ ቁጥር እጇ ሲንቀጠቀጥባት እዚያ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች። የእትዬ ጽጌ ሕክምና ይኸው ነበር፦ ፀሐይ፣ ቆሎ፣ ዝምታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሥራ።

የእኔ ተራ የደረሰው በሁለተኛው ዓመት ነው። ታደሰ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። በዚያ ዘመን ከቤት ወጥተው ካልተመለሱት አንዱ ሆነ። የአገሬ ሰው ገበያ መጥቶ በኮሌጁ አጥር በኩል አስጠርቶኝ መሞቱን ነገረኝና፣ እንዳላለቅስ አስጠነቀቀኝ፤ ማልቀስም የሚያስጠይቅበት ወቅት ነበር። አላለቀስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ ተዘጋ። እንቅልፍ የለኝም፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ፊደል ዓይኔ ሥር እንደ ጉንዳን ይበተናል፤ የመኝታ ክፍሉ ጫጫታ ራሴን ሊከፍለው ይደርሳል። አንድ ቀን እትዬ ጽጌ ከመደርደሪያ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። አላስነሱኝም። ሙጫ በጣሳ፣ መቀስና የተቀደዱ መጻሕፍት አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። እነዚህን ለጥፊልኝ» አሉ።

ለጠፍኩ። በነጋታውም ለጠፍኩ። ለምሳ ቤቱ መዘጋት አለበት፤ ደንብ ነው። እትዬ ጽጌ ግን ወደ ሰው መሀል መውጣት እንደማልችል ስላዩ እኔን ውስጥ ትተው ከውጭ ይቆልፉና፣ ቤታቸው ደርሰው ቂጣና ሽሮ በሰሃን ሸፍነው ይዘውልኝ ይመጣሉ። በሁለተኛው ወር ገደማ ከምለጥፈው ገጽ ላይ አንድ መስመር አነበብኩ። ፊደሉ አልተበተነም። ስለ ንብ ርባታ የተጻፈ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ድምፄን ከሰማሁት ሳምንታት አልፈውኝ ነበር። እትዬ ጽጌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ቀጥይ፣ ከዚያስ ንቧ ምን ሆነች?» አሉኝ። የዚያን ቀን አለቀስኩ። በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ከክፍሌ አራተኛ ወጣሁ።

ፈለቀ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነበር። ወጣት ነው፤ ቡናማ ሙሉ ልብስ ይለብሳል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀይ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አይጠፋም። ማን ሹክ እንዳለው አላውቅም፤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሌላውን ቁልፍ ይዞ መጥቶ በሩን ሲከፍት አግዳሚው ወንበር ላይ ሙጫ በእጄ ይዤ አገኘኝ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ደንግጬ አፌ ተመልሶ ተዘጋ። መልስ ሳጣ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። እትዬ ጽጌ ሰሃናቸውን እንደያዙ በር ላይ ደረሱ። «ልጅቷ ሀዘን አለባት ጌታዬ፣ ተሽሏታል፣ ውጤቷን ይዩት» አሉት። «ቤተ መጻሕፍት የእብድ ማቆያ አይደለም» አላቸው።

በነጋታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጠፈ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ተማሪ አስካለ የአእምሮ ጤናዋ የተዛባ በመሆኑ ለመምህርነት ብቁ ሆና ስላልተገኘች ከዛሬ ጀምሮ ከኮሌጁ ተሰናብታለች።» የተዛባ የሚለውን ቃል በቀይ አስምሮበታል። ይህም አልበቃውም። በባንዲራ ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ እትዬ ጽጌን ወደ ፊት ጠራቸው። የመንግሥት ንብረት ለማይገባው ሰው አሳልፈው ሰጥተዋል አለ። ቁልፉን አምጪ አላቸው፤ እናቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብሎ። እትዬ ጽጌ የነጠላቸውን ቋጠሮ ለመፍታት ታገሉ፤ ብርድ ጣታቸውን አደንዝዞት እምቢ አላቸው፤ መጨረሻ ላይ በጥርሳቸው ፈቱት። ቁልፉን ሲሰጡት ያሉት «ልጅቷን ብቻ ተዋት» የሚል ነው። እሱ መልስ ሳይሰጣቸው ወደ ሰልፉ ዞሮ መዝሙሩ እንዲቀጥል አዘዘ። ተማሪው ዘመረ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ስወጣ ወረቀቱን ከሰሌዳው ገንጥዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

አንኮበር ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ አስካለ የሚለኝ አልነበረም፤ ያቺ ያበደችው ነበር ስሜ። ጠበል ለጠበል ተንከራተትኩ፤ የመጣው ሽማግሌ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ከደጅ ይመለስ ጀመር። እትዬ ጽጌ በሚያውቁት ሹፌር በኩል መጽሐፍ ይልኩልኝ ነበር፤ ከየት እንደሚያገኙት እንጃ። ከዚያ መላኩ ቀረ። መንግሥት ሲለወጥ ደፍሬ ወደ ደብረ ብርሃን ወረድኩና ከኮሌጁ በፊት ጠባሴ ቤታቸውን አጠያየቅኩ። ጎረቤታቸው ከተቀበሩ ሁለት ወራቸው እንደሆነ ነገረችኝ። ከተባረሩ በኋላ ለብርድ ልብስ ሠሪዎች ሱፍ ሲባዝቱ ነበር የኖሩት፤ አቧራው ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ነው የጨረሳቸው። «አንዲት የአንኮበር ልጅ አለችኝ እያሉ ያወሩ ነበር» አለችኝ ሴትየዋ። እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለራሴ ቃል ገባሁ። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም፤ እንደማደርግ ግን አወቅኩ።

ተመልሼ ገብቼ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ከክፍል ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱን ለመንኩና ተሰጠኝ። ፈለቀ ምክትል ዲን ሆኖ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው ከረባቱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በኮሪደር አስቁሞ «የት ነው የማውቅሽ?» አለኝ። «አንኮበር» አልኩት። «አየሩ ጥሩ ነው» ብሎኝ አለፈ። የእኔን ዕድሜና የእትዬ ጽጌን ደረት የበላው ሰውዬ ፊቴን እንኳ አላስታወሰውም። አግዳሚውን ወንበር ከዕቃ ግምጃ ቤት ፈልጌ አውጥቼ ቦታው ላይ መለስኩት። ሙጫም ገዛሁ። እንደ እትዬ ጽጌ ስንቱን ተማሪ እዚያ አስቀምጬ ስንቱ እንደዳነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለጽድቅ ብቻ ግን አልነበረም። እሱ ከሚያባርራቸው ውስጥ አንድ ባስቀረሁ ቁጥር ይጣፍጠኝ ነበር።

ከዚያ ማህሌት መጣች። የፈለቀ አንድያ ልጅ ናት፤ እሱ ጋ እንድትማር ብሎ ኮሌጁ አስገባት። በሦስተኛው ወር ገደማ መጽሐፍ ከፍታ ገጽ ሳትገልጥ ስትውል አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን እንደያዛት ወዲያው አወቅኩ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ለምሳ ስዘጋ «እትዬ፣ ውስጥ ልሁን?» አለችኝ፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ አስፈርቷት። «ደንብ ነው ልጄ፣ አባትሽ ያወጣው» ብዬ አስወጥቼ ቆለፍኩባት። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረግኩ። ሦስት ቀን ደረጃው ላይ፣ በዚያ ነፋስ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ ቂጣዬን እየበላሁ በመስኮት አየኋት።

በአራተኛው ቀን ቂጣው አልወርድ አለኝ። በሩን ከፈትኩ። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት፣ ጋቢዬን አለበስኳት፣ ሙጫውን ጣሳ አጠገቧ አኖርኩ። ሳምንታት ፈጀ። ቤቷ ውስጥ መታመሟ እንደ ነውር ተደብቆ እንደሚኖር፣ አባቷ «የእኔ ልጅ እንዲህ አትሆንም» ብሎ ሐኪም ጋ መሄድ እንደከለከላት ቀስ በቀስ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ደብቄ ወሰድኳት፤ መድኃኒቷን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ በየቀኑ ሰጠኋት። ዳነች። ስትስቅ ጉንጯ ላይ ስርጉድ እንዳላት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ያቺን ልጅ ወደድኳት፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን ቃሌን አልረሳሁም። በምትመረቅበት ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠራኋትና፣ ስለ እትዬ ጽጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ከዚያ ያን ከሰሌዳው የገነጠልኩትን ወረቀት ሰጠኋት።

ብዙ ጊዜ አየችው። «የአባባ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ተማሪ አስካለ የተባሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አሁን የተቀመጥሽበትም ቦታ የኔ ነበር።»

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከምረቃዋ በኋላ ሥራዋን ሩቅ ደቡብ ጠይቃ ሄደች። ለአባቷ የነገረችው ነገር እንዳለ አላውቅም፤ ዳግመኛ ቤቱ እንዳልገባች ግን አውቃለሁ። እናቷ ሲሞቱ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ አባቷን ቀና ብላ ሳታየው ተመለሰች። ከተማው ብዙ አወራ። እኔ አላወራሁም። ዓመት በዓል ሲመጣ የምትደውለው ለእኔ ነው።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፈለቀ ፊት ለፊት፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። ቀጥኗል፤ ሙሉ ልብሱ የሌላ ሰው ይመስላል። ከበሩ በላይ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ በቢጫ ጨርቅ ተሸፍኗል። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። ስለ ጥናት፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ዝምታ ተናገርኩ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማስታወሻ ስትይዝ አየኋት። ከዚያ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እትዬ ጽጌ የሚባሉ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማሩ ሴት መሆናቸውን፣ ከዚህ ቤት እንዴት እንደወጡና በምን እንደሞቱ ነገርኩ። ስሙን ራሴ አልጠራሁም። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ፤ ከሥር ያለውን ፊርማ ጭምር። ያ ስም ከአፌ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዲኑ ሰዓቱን አየ። ጨርቁ ሳይገለጥ ምሳ ተባለ። ሰላማዊት ቀይ ዓይን ይዛ መጥታ «ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?» አለችኝ። «ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር» አልኳት። አልካደችም።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳለ ከዘራው ሲያንኳኳ ሰማሁ። ብቻውን ነው የመጣው። የሚሟገት መስሎኝ ነበር፤ ለሙግቱም ስዘጋጅ ነው የኖርኩት።

«ያቺ የአንኮበር ልጅ ነሽ» አለኝ።

«ነኝ።»

«ዘመኑ ነበር።»

«ቀዩ እስክሪብቶ ያንተ ነበር» አልኩት። አንተ ስለው ደንገጥ ብሎ ቀና አለ፤ ከዚያ ተቀበለው።

«ስሜን ይተዉት። ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ የሴትየዋን ያድርጉት» አለ። «ማህሌት አንቺ ጋ እንደምትደውል አውቃለሁ። ሐኪም ብዙ ጊዜ እንደሌለኝ ነግሮኛል። ጥፋተኛ ነኝ ብሏል በያት። አንድ ቀን ትምጣና ፊቷን ልየው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቅም። ይህን ብቻ ንገሪልኝ።» ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንባው እስከ አገጩ ወርዶ፣ መልሴን ጠበቀ። እሱ ያን ቀን ለእትዬ ጽጌ እንዳልመለሰ ሁሉ ዞሬ ሄድኩ።

አሁን በሩ ላይ የእትዬ ጽጌ ስም ተጽፏል። ሰላማዊት ፎቶውን ስልኬ ላይ ላከችልኝ፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ከመንገድ ይነበባል። ማህሌት የደወለችው ፎቶው በደረሰኝ በማግስቱ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳጣጥፍ ነው። የምረቃውን ወሬ ከሰው ሰምታለች። ስለ ሰሌዳው ነገርኳት፤ ደስ አላት፤ ድምፅዋ ያስታውቃል።

«አባባ መጥቶ ነበር?» አለችኝ።

«መጥቶ ነበር።»

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ከዘራ ይዟል።»

«አናገረዎት? ምን አለ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሰዎች ከቅዳሴ ወጥተው እየተሳሳሙ ያልፋሉ።

«ምንም አላለም» አልኳት።

«ድሮም እንደዚያ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ እኔም ስለ ብርዱ ነገርኳት፤ ለፋሲካ ጋቢ እንደምትልክልኝ ነግራኝ ተሰናበትን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ፈለቀ ሆስፒታል መግባቱን ሰምቻለሁ። ስልኩ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልደወልኩም።